የእሑድ ክርክር፦ ማሽኑ ሳይኖረን የአዮን ጨረር ጥናት ይፈቀድ?

አስተባባሪ፦ መርሐባ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች! የዛሬው ጥያቄ ከአንዲት የግሩፓችን አባል የመጣ ነው። ለማስተርስ ያቀረበችው ርዕስ "ማሽኑ እኛ ጋ የለም" ተብሎ ተመልሶባታል። ርዕሱ ብረትን በአዮን ጨረር (ቻርጅ ያላቸው አተሞች ውርወራ) የሶላርና የቺፕ መሥሪያ በሆነው ሲሊኮን ውስጥ አስገብቶ የብረት ሲሊሳይድ (የብረትና የሲሊኮን ውህድ) ክሪስታል መፍጠር ነው። ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ? ስድብ የለም።

የቦርከና ማዶ፦ አይፈቀድ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ኮምቦልቻ ደጃችን ላይ ነው። የስፌት ማሽን የሚጠግን እየተፈለገ፣ በሕዝብ ገንዘብ ለዓይን የማይታይ ነገር ማሳደድ ቅንጦት ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ እኔ የኳስ ክርክር መስሎኝ ገባሁ።

ባለጉዳይዋ፦ ባለጉዳይዋ እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ ነገሩን ልንገራችሁ። ብረት ለሲሊኮን ጠላት ነው። የሶላር ሲሊኮን ውስጥ ጥቂት ብረት ከገባ ብርሃኑ የፈጠረውን ኤሌክትሪክ ይበላዋል። በሥርዓት ሲገባ ግን ሌላ ነው። ቻርጅ የተሰጣቸው የብረት አተሞች በ200 ሺህ ቮልት ይወነጨፉና 0.2 ማይክሮ ሜትር ገደማ ዘልቀው ይቆማሉ። ከዚያ ሲጋገር አንድ ብረት ከሁለት ሲሊኮን ጋር ይሰለፋል። ቤታ የሚባለው ፌዝ (ፌዝ ስል ቀልድ አይደለም፣ የአተሞቹን አሰላለፍ ነው) ሴሚኮንዳክተር ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው በከፊል ነው። ከ940 ዲግሪ ገደማ በላይ የሚጸናው አልፋ ግን እንደማንኛውም ብረታ ብረት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ጋማ ደግሞ ስስ ሽፋን ካልሆነ አይቆምም፤ ሲሞቅ ወደ ቤታ ይዞራል። ያው ብረት፣ ያው ሲሊኮን!

ጋራዥ ሰፈር፦ ይሄማ የኛው ሥራ ነው ልጄ። ብረት አግለሽ ውሃ ውስጥ ስትነክሪው ይጠነክራል፣ ግን ይሰበራል። ቀስ ብሎ ሲበርድ ይለዝባል። እኔ ይፈቀድላት ባይ ነኝ።

የቦርከና ማዶ፦ ጋሼ፣ ምሳሌዎ ሸጋ ነው። የርስዎ ብረት ግን በር ይሆናል። የሷ ምን ይሆናል?

ባለጉዳይዋ፦ ብርሃን። ሲሊኮን በራሱ ብርሃን ለማውጣት ሰነፍ ነው። ቤታ የሚያወጣው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 1.5 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ነው፤ የፋይበር ኢንተርኔት የሚጓዝበት ማለት ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የሰሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚሁ መንገድ ኤልኢዲ ሠርተው ኔቸር መጽሔት ላይ አውጥተዋል።

የቦርከና ማዶ፦ እሱን ሳላነብ አልመጣሁም። በብርድ ደመቅ ይላል፤ በክፍል ሙቀት ግን ደካማ ነበር። ደግሞ ጨረሩ ሲሊኮኑን ሲደበድብ የሚተወው ጉዳት ራሱ እዚያው የሞገድ ርዝመት አካባቢ ብርሃን ያወጣል። ያበራው ሲሊሳይዱ ነው ወይስ ቁስሉ? ፈረንጆቹ ስንት ዓመት የተነታረኩበትን ጉዳይ ደሴ ላይ ልንፈታው ነው?

ባለጉዳይዋ፦ የተነታረኩበት ስለሆነ ነው እኮ የመረጥኩት። የተዘጋ ጥያቄ ላይ ምን ልጻፍ?

የቶሳ ብርድ፦ ወጪውን እናስላው። ለአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 1 ብላችሁ 17 ዜሮ የምታስከትሉለት አተም ቢያስፈልግ፣ ብረቱ 9 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። ከምስማር የሚረግፍ ዝገት ይበልጠዋል። ችግሩ ጊዜው ነው። በካሬ ሴንቲ ሜትር 1 ማይክሮ አምፔር ጨረር ካለ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ሳይቋረጥ መሮጥ አለበት። መጋገሩ ደግሞ በ900 ዲግሪ 18 ሰዓት የሚወስድበት ጊዜ አለ። መብራት የሚሄድበት ሰፈር ያላችሁ እጃችሁን አውጡ!

ባለጉዳይዋ፦ ማሽን ግዙልኝ መች አልኩ? አተሞቹ የት እንደሚቆሙ የሚያሰላው ስሪም የሚባል ፕሮግራም በነጻ ይወርዳል፣ ላፕቶፕ ይበቃዋል። የአዮን ማፋጠኛ ደቡብ አፍሪካ፣ አይቴምባ ላብስ የሚባል የምርምር ማዕከል ውስጥ አለ። ከኔ የሚጠበቀው ማመልከት ነው፤ ለዚያ የአማካሪ ፊርማ ያስፈልጋል። የቀረብኝ እሱ ነው።

የቦርከና ማዶ፦ እሺ፣ ስሌቱ ይፈቀድ። የአውሮፕላን ትኬቱን ግን ማን ይከፍላል?

ባለጉዳይዋ፦ ናሙናው ጥፍር ያክላል፤ በፖስታ ይሄዳል።

የቦርከና ማዶ፦ እንግዲያው በፊርማው አልከራከርም። በቅድሚያው ግን አሁንም የስፌት ማሽኑ ይቀድማል ባይ ነኝ።

ጋራዥ ሰፈር፦ ልጄ፣ 900 የሚደርስ ምድጃ እኔ ጋ አለ።

ባለጉዳይዋ፦ ጋሼ፣ አየር ከገባበት ሲሊኮኑ ኦክሳይድ ይለብሳል። ቫኪዩም ወይም ናይትሮጅን ይፈልጋል።

ጋራዥ ሰፈር፦ ናይትሮጅን ጎሚስታው ጋ ይጠፋል?

ባለጉዳይዋ፦ ኧረ ንጽሕናው አይበቃም! ምድጃውን ግን ልየው፤ ማክሰኞ ብመጣስ?

ጋራዥ ሰፈር፦ ነይ። ከሰዓት ይሁን፣ ጠዋት ብየዳ አለብኝ።