ሁለተኛ ክፍሎችን ቃለ አጋኖ እንዴት ላስተምር?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህራን። ሁለተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ቃለ አጋኖን ካሳየኋቸው ወዲህ ልጆቹ በየዓረፍተ ነገሩ ይደረድሩታል። ትናንት አንዷ «እርሳሴ ሰማያዊ ነው!!!» ብላ ጻፈች። ምን ይሻለኛል?

መልስ 1፦ መጀመሪያ ደብተር አስዘጊያቸው። «እንዴት መጣህ?» በያቸው፤ ቀጥለሽ «እንዴት ያምራል!»። «እንዴት» ያው ነው፣ ድምፅሽ ግን ይለያል። የእኔዎቹ ግርምት ሲሰሙ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ።

መልስ 2፦ እሰይ፣ ወይኔ፣ ጎሽ፣ ወይ ጉድ... ከቤት ይዘዋቸው የመጡ ናቸው። ከነሱ ጀምሪ። ተገልብጦ የሚጻፈውን ትእምርተ ስላቅ (¡) ግን አሁን እንዳታነሺባቸው፣ አደራ።

ጠያቂዋ፦ ዛሬ ሞከርኩት። ጠመኔ ከእጄ ወድቆ ሲሰበር አንዱ «ወይኔ፣ ጠመኔው!» አለ። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩለት። ምልክቱን ራሱ ወጥቶ አደረገበት፤ አንድ ብቻ።