የፓይለት ላይሰንስ ካወጣሁ በኋላ ግብ አጣሁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ወገኖች፣ አሜሪካ ውስጥ ለመዝናናት አውሮፕላን የምታበሩ ካላችሁ እርዱኝ። እኔ ቨርጂኒያ ነኝ፣ የፕራይቬት ፓይለት ላይሰንሴን ካወጣሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ስማር ሁሌ ቀጣይ ነገር ነበረኝ፣ ሶሎ (ብቻዬን መብረር)፣ ክሮስ ካንትሪ (ራቅ ወዳለ ኤርፖርት መብረር)፣ ቼክራይድ (የመጨረሻው የበረራ ፈተና)፣ አሁን ግን ምንም የለም። ትናንት ማታ ሎግቡኬን (የበረራ መዝገቤን) ስገልጠው የመጨረሻው ገጽ መስመሮች በሙሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ከማናሳስ ኤርፖርት ተነስቶ እዚያው ማናሳስ፣ 3 ማረፊያ፣ 0.8 ሰዓት። በ90 ቀን ውስጥ 3 ጊዜ ተነስቼ ካላረፍኩ ሰው መጫን ስለማልችል እሱን ለማሟላት ብቻ ነው የምሄደው፣ የምበርባት ትንሽ አውሮፕላን፣ የሴስና 172፣ ኪራይ ደግሞ ኪስ ይጎዳል።

ሁለት ሐሳብ አለኝ። አንደኛው ኢንስትሩመንት ሬቲንግ (ውጭ ሳይታይ በመሣሪያ ብቻ ለመብረር የሚያስችል ፈቃድ) ነው፣ ግን 50 ሰዓት ክሮስ ካንትሪ እንደ ዋና አብራሪ ይጠይቃል፣ እኔ ያለኝ 19 ነው። ሁለተኛው ልቤ ያለበት ነው፣ እማዬን አጠገቤ አስቀምጬ ራይት ወንድማማቾች በ1903 የበረሩበት ሰሜን ካሮላይና ሄጄ ፈርስት ፍላይት ኤርፖርት ማረፍ። የማኮብኮቢያው ርዝመት ግን 3000 ጫማ ብቻ ነው፣ ነዳጅም የለም፣ የባህር ዳር ነፋሱ ደግሞ ያስፈራኛል። ባለፈው ወር 12 ኖት የጎን ንፋስ ሲመታኝ ሁለቴ ጎ አራውንድ አድርጌ (ማረፉን ትቼ እንደገና ወደ ላይ ወጥቼ) በሦስተኛው ነው ያረፍኩት፣ ከወረድኩ በኋላም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እናንተ ብትሆኑ ከየቱ ትጀምሩ ነበር? መጀመሪያ ከኢንስትራክተር ጋር የጎን ንፋስ ልለማመድ ወይስ ቀስ እያልኩ ራቅ ራቅ ልበል? የራሳችሁን የንፋስ ገደብስ በስንት ኖት ነው የወሰናችሁት?