ሥጋ ብቻ መብላት ከጀመርኩ አምስተኛ ሳምንቴ፤ ሆዴም ዘመዱም አልለመደልኝም

የደለስ ሹፌር፦

ሰላም ወገኖች። ኤርፖርት ተራ እየጠበቅኩ ነው የምጽፈው፤ ነገሩ ከተንዛዛ ሌሊቱ ነው ያንዛዛው።

47 ዓመቴ ነው። የምኖረው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፣ ሥራዬ ታክሲ። ኅዳር ላይ የደም ምርመራ ሳደርግ የሦስት ወሩ የስኳር ልኬት 6.3 ሆኖ ወጣ። ሐኪሟ «6.5 ቢሆን ኖሮ ስኳር አለብህ እልህ ነበር» አለችኝ። ግፊት ደግሞ ከድሮም አለብኝ፤ ሊሲኖፕሪል መዋጥ ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሹፌሮች ተሰብስበን ተራ የምንጠብቅበት ቦታ አንድ ጓደኛችን አለ፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ቅቤና ጨው ብቻ እየበላ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ በዓይናችን አይተናል። እኔም ጾመ ነቢያትን ጨርሼ በገና ማግስት ጀመርኩ። አበሻን «ሥጋ ብላ» ብሎ መቅጣት ምን የሚሉት ቅጣት ነው እያልኩ ስስቅ ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ሠርግ ነበር። ከ208 ፓውንድ 201 ገባሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን እንደመጣ ልንገራችሁ። በአራተኛው ቀን ራሴን በጠፍር የጠፈሩኝ መሰለኝ። የመንገደኛ ሻንጣ ላነሣ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ዓይኔ ጨለመብኝ፤ የመኪናውን ኮፈን ይዤ ነው የቆምኩት። ሰውዬው ደንግጦ ሻንጣውን ራሱ ጫነ፣ ጉርሻውን ግን አልቀነሰም፣ እግዜር ይስጠው። ሁለተኛው ሳምንት ተቅማጥ። ከደለስ እስከ ቤቴ ያለውን የነዳጅ ማደያ ሽንት ቤት ሁሉ በቁልፉ ዓይነት ዐውቀዋለሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሌሊት ሌሊት ባቴ እየተኮማተረ ከአልጋ ያዘልለኝ ጀመር። በዚህ ላይ የአፌ ጠረን። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አስቡ። በጥር ብርድ ከኋላ የተቀመጠች ሴትዮ ምንም ሳትናገር መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እስከ ጆርጅታውን ድረስ በረዶ አየር እየበላን ሄድን።

የምበላውን ልንገራችሁ፣ ስሕተቱ እዚያ ካለ ንገሩኝ። ጧት አራት እንቁላል። ቀን ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ ደረት፣ በቴርሞስ። ማታ ጥብስ። ጮማውን እየለየሁ እጥላለሁ፣ ግፊት አለብኝና። ጨውም እንደዚሁ ቀንሻለሁ። በርበሬና ሚጥሚጣ ትቻለሁ፤ ሽንኩርት የሌለበት ጥብስ ምን እንደሚመስል የቀመሰ ያውቀዋል። ባለቤቴ ያነጠረችው ቅቤ ውስጥ ኮረሪማና ኮሰረት አለ፤ ይቆጠራል አይቆጠርም የሚለውን ክርክር ለናንተ ትቻለሁ፣ እኔ እየበላሁት ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን እጄ ነው። አትሳቁ። እንጀራ ለኛ ሳህንም ማንኪያም ነው። ባለፈው እሑድ ክርስትና ተጠርተን መሶቡ ዙሪያ ተቀመጥን። ሁሉም እጁን ሲሰድ የኔ እጅ የሚይዘው አጣ። ሹካ ስጡኝ ብል «ፈረንጅ ሆንክ እንዴ?» ሊባል ነው። ከዶሮው ወጥ እንቁላሉንና ቅልጥሙን አውጥቼ በጣቴ ስበላ አማቴ አየችኝ። ልጇ ምግብ የከለከለችኝ መሰላት መሰል፣ ድፍን እንጀራ ጠቅልላ መጣች። ምን ልበል? ጎረስኩ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን አስከተለች። ያን ሌሊት ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፍቶ አደርኩ።

ሌላም አለ። ረቡዕና ዓርብ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በላሁ፤ ከዚያ ሕሊናዬ እምቢ አለኝ። አሁን በነዚያ ቀናት ከውሃና ከቡና በቀር አልቀምስም። ሁዳዴ ደግሞ ደርሷል፣ 55 ቀን። ከናንተ ውስጥ በዚህ ያለፈ ሰው ሕመሙን እንዴት ተወጣው? ጾሙንስ?

የመርካቶው፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያሳቀኝን ልንገርህ፦ ጮማ እየለየ የሚጥል ሥጋ በል ሰምቼ አላውቅም። እዚህ ልኳንዳ ቤት ገብተህ «ጮማውን አውጣልኝ» ብትል ሥጋ ቆራጩ ጤና ጣቢያ ነው የሚጠቁምህ።

እኔ ሦስት ወር ሞክሬዋለሁ፤ ለዚያውም በቁርጥ። ሻኛ፣ ንብራሮ፣ አንዳንዴ ጎድን፤ ያለ እንጀራ፣ ያለ አዋዜ። እንጀራ ስላልበላሁ የቆረጣው ቢላዋ እጄ ላይ ነበር፣ ስለዚህ ያንተ የእጅ ጭንቀት አላገኘኝም። ያገኘኝ ሌላ ነው። በሁለተኛው ወር ማለቂያ ላይ ሽንት ቤት ስገባ እንደ ዱባ ፍሬ ነጭ ነገር አየሁ። እነሱም ይንቀሳቀሳሉ! የኮሶ ትል ነበር። አያቶቻችን በየወሩ በየሁለት ወሩ ኮሶ የሚጠጡት ለቀልድ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ። ሐኪም ፕራዚኳንቴል አዘዘልኝ፣ በአንድ ጊዜ ተገላገልኩ። ከዚያ ወዲህ ጥሬ የምበላው ለበዓል ነው፤ የዘወትሩን አብስዬ። ከጥሬ ጀምር የሚልህ ሰው ካለ ይህን ንገረው።

ነርስ ከሚኒያፖሊስ፦

ወንድሜ፣ ቀልዱን ወደ ጎን ልተወውና፦ የግፊት መድኃኒትህን ያዘዘችልህን ሐኪም ነገ ጧት ደውልላት። ቀና ስትል ዓይንህ የሚጨልመው ምናልባት ግፊትህ ከሚገባው በላይ ወርዶ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። እንጀራና ዳቦ ስታቆም ኢንሱሊንህ ይቀንሳል። ኢንሱሊን ሲቀንስ ኩላሊት ጨው ይዞ ማቆየቱን ይተውና በሽንት ያስወጣዋል፤ ውሃም ተከትሎት ይሄዳል። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ የተከማቸውም ስኳር በየግራሙ ወደ ሦስት ግራም ውሃ አብሮት ነው የሚቀመጠው፤ እሱ ሲያልቅ ያም ውሃ ወጣ። የደስታህ ሰባት ፓውንድ አብዛኛው ይሄ ነው፤ አይክፋህ። ራስ ምታቱ፣ ማዞሩ፣ የባት መኮማተሩም ከዚሁ ከጨውና ከውሃ ማነስ ጋር ይሄዳል። አንተ ደግሞ በላዩ ላይ ጨው ቀንሰህ፣ የቀድሞውን የግፊት ኪኒን በቀድሞው መጠን እየዋጥክ ነው። መጠኑን ግን ራስህ አትቀንስ፣ ራስህም አታቁም፤ ግፊትህን እየለካህ ቁጥሩን ለሐኪሟ ንገራት። ጨው ልጨምር ወይ የሚለውንም እሷን ጠይቅ።

አንድ ነገር በጣም አደራ። ሰው ለባት መኮማተር «የጨው ምትክ» እየገዛ ይበላል። እሱ ፖታስየም ክሎራይድ ነው። ሊሲኖፕሪል ፖታስየምን ደም ውስጥ የሚያስቀር መድኃኒት ስለሆነ ሁለቱ ሲደራረቡ የልብ ምት ሊበላሽ ይችላል። አትንካው። ይህን የምታነቡና ኢንሱሊን የምትወጉ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የምትውጡ ካላችሁ ደግሞ ሐኪም ሳታማክሩ እንዲህ ያለ አመጋገብ አትጀምሩ፤ ስኳራችሁ በአንድ ሌሊት ሊወርድ ይችላል።

የአፍህ ጠረን አሴቶን ነው፣ ስብ ሲቃጠል የሚወጣ። ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ይቀንሳል። እስከዚያ መስኮቱን አንተው ዝቅ አድርግላቸው።

ሰባት ወር የቆየሁ፣ ስቶክሆልም፦

ነርሷ የተናገረችውን አልደግምም። የተቅማጡን ነገር ግን ልጨምር፤ እኔም እዚያው ላይ ወድቄ ነበር።

አንተ የጀመርከው ሥጋ መብላት ሳይሆን ጮማ የሌለው ቀይ ሥጋና ዶሮ ደረት መብላት ነው። እንጀራ ሲወጣ ጉልበትህ ከምን ይመጣል? ከስብ ነው። ስቡን ደግሞ ትጥለዋለህ። ስቴፋንሰን የሚባል ካናዳ የተወለደ የአርክቲክ አሳሽ ነበር። በፈረንጆቹ 1928 ኒውዮርክ ቤልቪው ሆስፒታል እሱና አንደርሰን የሚባል ባልደረባው ሥጋ ብቻ ሲበሉ ሐኪሞች ተከታተሏቸው፤ አንድ ዓመት ያህል ቆዩበት። መጀመሪያ ላይ ለስቴፋንሰን ሆን ብለው ስብ የሌለው ሥጋ ብቻ ሰጡት። በጥቂት ቀን ውስጥ ተቅማጥና ድካም ጣለው። ስቡ ሲመለስለት ተነሣ።

ሱቅ ስትሄድ 80/20 የሚለውን የተፈጨ ሥጋ እየው። 100 ግራሙ ውስጥ 20 ግራም ስብና 17 ግራም ፕሮቲን ነው። ያንተ የዶሮ ደረት ውስጥ ሦስት ግራም ቢገኝ ነው። ግን በአንድ ቀን አትዝለል! እኔ ይህን ባነበብኩ ማግስት ሞራ አቅልጬ በማንኪያ ጠጣሁና ከሥራ ስብሰባ ሁለት ጊዜ ሮጬ ወጣሁ። የቀለጠ ስብ ያጣድፋል፤ ከሥጋው ጋር ተጣብቆ የሚበላው ይሻላል። ቀስ በቀስ።

ለምን ተውክ ካልከኝ፣ ሪህ። የፋሲካ ሰሞን ጉበት፣ ዱለትና ቢራ አከታትዬ በሦስተኛው ቀን የእግሬ አውራ ጣት እንደ ፍም ጋለ፤ አንሶላ እንኳ ሲነካው እጮኻለሁ። ኮሌስትሮሌም መጥፎው ወገን ወጥቶ ነበር። አሁን እንጀራ በሳምንት ሁለቴ፣ ሥጋ እንደ ድሮው። አንተ ግን ከመቀጠልህ በፊት ሁለቱንም አስመርምር።

የወልቂጤ እናት፦

ልጄ፣ የምናገረውን የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ።

እጄ የሚይዘው አጣ ያልከው አሳዘነኝ። ክትፎን እኮ እኛ ዱሮም በቀንድ ማንኪያ ነው የምንበላው። ማንም ፈረንጅ ሆንክ አይልህም። ቆጮውንና ጎመኑን ለሌላው ተውለት፣ አይቡን አንተ ብላ። ቀይ ሥጋ ብትወድም በክትፎ ብላው፤ የጎደለውን ቅቤው ይሞላዋል። ለብ ለብ አድርገህ፣ ያ የመርካቶው ልጅ እንደሆነው እንዳትሆን በደንብም ብታበስለው ነውር የለውም።

ቡናውንስ በምን ትጠጣለህ? በስኳር እንዳይሆን። እኛ አገር ቡና በቅቤና በጨው ይጠጣል። ሐኪምህ ጨው ከፈቀደች አንድ ሲኒ ጧት ጠጣና ያ ራስ ምታት ይለቅህ እንደሆነ እናያለን።

የሁዳዴውን ግን እኔን አትጠይቀኝ። የንስሐ አባት የለህም?

የደለስ ሹፌር፦

ዘጠኝ ቀን ጠፋሁ፤ ይቅርታ። እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም።

እህቴ ነርስ፣ በማግስቱ ደወልኩ። እዚያው ቀን ና ብለው ለኩኝ። 98 በ60 ነበር። ሊሲኖፕሪሌን ከ20 ወደ 10 ዝቅ አደረገችው፣ ጨው ላይም ትንሽ ፈቀደች። ደግሞ የጨው ምትኩን ባለቤቴ ለኔ ብላ ገዝታ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣው ነበር። ሰማያዊ ቆርቆሮ። ወደ ቆሻሻ ሄደ።

ስቶክሆልም፣ ዶሮ ደረቱን ተውኩት። አሁን ቅልጥም ቅቅል ነው በቴርሞስ የምይዘው፣ መረቁ ላይ ስቡ ዓይን ዓይን ሠርቶ። ተቅማጡ በአራተኛው ቀን ቆመ። ባቴም ከዚያ ወዲህ አንድ ሌሊት ብቻ ነው የያዘኝ። ክብደቴ 199 ላይ ቆሟል፤ አልገፋሁትም።

እናቴ፣ ቡናውን እንዳሉት ጠጣሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ አፍንጫዋን ያዘች፤ ከዚያ ከኔ ሲኒ ፉት ብላ «ነገ ለኔም» አለች። የቀንድ ማንኪያ እዚህ አላገኘሁም። አንድ ጓደኛዬ በሚያዝያ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ያመጣልኛል። እሑድ ዕለት አማቴ ቤት ክትፎ ተሠርቶ በሻይ ማንኪያ በላሁ፤ እሷም በሻይ ማንኪያ አጎረሰችኝ፣ ሁለት ጊዜ።

የንስሐ አባቴን ጠይቄያቸዋለሁ። ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኳቸው፣ ስኳሩን፣ ግፊቱን፣ ረቡዕና ዓርቡን። ሰምተው ሰምተው «ለመድኃኒትነት ሐኪም አዞህ ነው?» አሉኝ። አይ፣ ራሴ ነኝ አልኩ። «እንግዲያ ጹም። ሥጋው ለፋሲካ ይቆይሃል፣ የትም አይሄድም።» ስለዚህ ሰኞ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን እጀምራለሁ፤ እንጀራው ግማሽ። ሐኪሟ በሁዳዴ አጋማሽ ላይ ደሜን ትመረምረዋለች፤ የሥጋውንና የሽሮውን ልዩነት በቁጥር እናየዋለን።

እስከዚያ ቅበላ ነው። ትናንት ተራ ስንጠብቅ ሹፌሩ ሁሉ ጥብስ፣ ዱለት፣ ክትፎ ይዞ መጥቶ የመኪና ኮፈን ላይ ዘረጋው። ለአንድ ሳምንት ሙሉ ሰዉ ሁሉ የኔን ምግብ በላ። እንጀራውን ግን ከእጄ ቀሙኝ፣ «አንተ አትበላም» ብለው።