የቲቢ መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ኤኤልቲና ኤኤስቲ ከፍ ሲሉ ምን ማለት ነው?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ የሳንባ ቲቢ መድኃኒት ከጀመረ አንድ ወር ሆኖታል። በቅርቡ የጉበት ምርመራ ተደርጎለት ኤኤልቲ 96፣ ኤኤስቲ 82 ወጥቶ፣ በሁለቱም አጠገብ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ታትሟል፤ በወረቀቱ ላይ የሁለቱም የላይኛው ጣሪያ 40 ነው። ቢሊሩቢን (ሲበዛ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው) 0.8፣ አልቡሚን 4.1 ሲሆኑ ቀስት የለባቸውም። ሽንቱ ግን ብርቱካንማ ስለሆነ «ጉበቴ አልቋል» ብሎ መድኃኒቱን ሊያቆም ነው። ውጤቱ እንዴት እንደሚነበብ ብታስረዱን።

መልስ፣ ከላብራቶሪ ባለሙያ፦
ኤኤልቲና ኤኤስቲ በጉበት ሴል ውስጥ የሚገኙ ኢንዛይሞች ሲሆኑ፣ ሴሉ ሲጎዳ ወደ ደም ስለሚፈሱ የጉዳት ምልክት ናቸው እንጂ ጉበት ሥራውን ምን ያህል እያከናወነ እንደሆነ አይለኩም። ለዚያ የሚታዩት ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን አልቡሚንና የደም መርጋትን የሚያሳየው አይኤንአር ናቸው፤ አልቡሚን ቀስ ብሎ ስለሚቀንስ በቅርብ ጊዜ የደረሰን ጉዳት ቶሎ የሚያሳየው አይኤንአር ነው። ኤኤስቲ በጡንቻና በቀይ የደም ሴልም ስለሚገኝ፣ ከባድ የጉልበት ሥራ ወይም ሲቀዳ ሄሞላይዝ ያደረገ (ቀይ የደም ሴሎቹ የፈነዱበት) ናሙና ብቻውን ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

መልስ፣ ከሐኪም፦
እባክዎ በራሱ ፈቃድ እንዳያቆም ያድርጉ፤ የተቋረጠ ሕክምና መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ በር ይከፍታል። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፓይራዚናማይድ ሦስቱም ጉበትን ሊጎዱ ስለሚችሉ መለስተኛ ጭማሪ ያልተጠበቀ አይደለም፣ ብዙ ጊዜም መድኃኒቱ ሳይቆም ይረግባል። በተለምዶ መድኃኒቱ የሚቆመው ኢንዛይሙ የሕመም ምልክት ባለበት ሰው ከጣሪያው 3 እጥፍ፣ ምልክት በሌለበት 5 እጥፍ ሲያልፍ ነው። የወንድምዎ 2 እጥፍ ተኩል እንኳ አይሞላም። የሽንቱን ቀለም የለወጠው ሪፋምፒሲን ነው፤ የሚያሳስበው እንደ ኮካ ኮላ የጠቆረ ሽንት ከዓይን ቢጫነት ጋር ሲመጣ ነው። ማስመለስ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት ወይም በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ሕመም ከተሰማው ግን የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቅ፣ ቀጣዩን መድኃኒት ከመዋጡም በፊት፣ ወደ ጤና ተቋሙ ይሂድ።

ጠያቂ፦
ከልብ አመሰግናለሁ። ከጠቀሷቸው ምልክቶች አንዱም የለበትም። ቅዳሜና እሑድ ግን አረቄ እንደሚጠጣ ዛሬ ነገረኝ።

መልስ፣ ከሐኪም፦
ይህን ለሚከታተለው ሐኪም ሳይደብቅ ይናገር፤ ሕክምናው እስኪያልቅም አረቄውን ይተው። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ካልተደረገለት እንዲደረግለት ይጠይቅ፤ ቫይረሱ ካለበት ክትትሉ ይበልጥ ጥብቅ ይሆናል። ኢንዛይሞቹ ሲደገሙ በዚያው ላብራቶሪ ቢሠሩ ለማነጻጸር ይመቻል።