ክረምቱን ልጆቹን የት እንላክ? ከደሴ እስከ ሐይቅ የሞከርነው

ሰኔ ላይ ፈተና ያልቅና ልጆቹ ቤት ይከማቻሉ። ከዚያ የሁላችንም ጥያቄ አንድ ነው። እኔ የ13 ዓመት ሴትና የ10 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ሦስት ክረምት የሞከርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ እዚሁ ደሴ ቱቶሪያል አስገባኋቸው። ሒሳባቸው ተሻሽሏል፣ አልዋሽም። ግን ያው ትምህርት ቤት ነው፤ ዩኒፎርም ብቻ ነው የቀረው። ቤት ሲመጡም ስልክ ላይ ማፍጠጥ።

በሁለተኛው ክረምት ልጁ ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ሄዶ ኳስ ሠለጠነ። ለኳስ ከደሴ ኮምቦልቻ ይሻላል። እኛ ጋ ሐምሌ ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ጎሉም አይታይ። ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል ሞቅ ይላል። ብቻ አጎበር አትርሱ። ድሮ ሲሸነፍ እራት አልበላም የሚል ልጅ አሁን ተሸንፎም ይበላል።

የኔ ምርጫ ግን ሦስተኛው ነው፦ ልጅቷ ሐይቅ ዳር አምስት ቀን ያደረችበት ካምፕ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በሁለተኛው ሌሊት ዝናብ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። አዘጋጆቹ ዙሪያውን ቦይ አላስቆፈሩም፤ ይሄ ጥፋታቸው ነው። በአስተባባሪዋ ስልክ ደውላ «አባዬ ና ውሰደኝ» አለች። ቁልፌን አንስቼ ነበር። እናቷ «ተዋት» አለችኝ። በነጋታው ቦዩን ከጓደኞቿ ጋር ራሷ ቆፈረች። ፍራሽም አሰጡ።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። የጾመኛው፣ የሙስሊሙ፣ የክርስቲያኑ ሥጋ የሚለውን ጣጣ ለመዝለል አምስቱንም ቀን ሽሮና ምስር ተበላ። ሽሮ የማትወድ ልጅ ድስት ጠርጋ መጣች። አሁን ሳትታዘዝ የበላችበትን ታጥባለች፤ ወንድሟንም ታዛለች፣ እሱ ትንሽ በዝቷል።

ለወሎ ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ቆሎ ተማሪውም፣ ሃይማኖቱን ሊማር ዳናና ጌታ እሚባሉት የእስልምና ትምህርት ቦታዎች ድረስ የሄደው ደረሳም ከእናቱ ጓዳ ርቆ ነው ሰው የሆነው። እዚያው ሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሯቸው እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከቤታቸው የራቁ ነበሩ።

ለካምፕ ብር ከሌለ፣ አብሽሩ፣ ገጠር አያት ቤትም ያው ነው። ውኃ ይቅዱ፣ ጥጃ ይጠብቁ። እንግዳ ከተደረጉ ግን ዋጋ የለውም። የኔ እናት ለምሳሌ ሲኒ እንኳ አታስነካቸውም።

ካምፕ ከመረጣችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ሂዱና እዩ። ሴቶቹ ጋ ማን ያድራል? ጤና ጣቢያው ምን ያህል ይርቃል? ሐይቁ ዳር ዋና የሚችል ሰው ይቆማል? ይሄን ሲጠየቅ የሚቆጣ አዘጋጅ ከገጠማችሁ ተመለሱ። ስለ ቦዩም ጠይቁ።

ዘንድሮ የልጁ ተራ ነው። ከአሁኑ «ሽሮ ብቻ ነው እንዴ?» እያለ ነው።