የሰው ሠራሽ ጥርስ አክሪሊክ ባሕር ዳር ላይ ሲቀቀል ለምን ቀዳዳ ያወጣል?

ጥያቄ፦
የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ በባሕር ዳር የጥርስ ላቦራቶሪ ውስጥ በቴክኒሻንነት እሠራለሁ። የታችኛውን መንጋጋ ሙሉ ጥርስ ሠርተን የጀሶውን ቅርጽ ስናራግፍ የሮዙ አክሪሊክ ላዩ ያማረ ሆኖ፣ ወፍራም በሆነው የኋላ ክፍሉ ውስጥ ግን የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች በተደጋጋሚ እናገኛለን። መመሪያው በ74 ዲግሪ ካቆያችሁ በኋላ በ100 ዲግሪ ቀቅሉ ይላል፤ ከተማችን ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃው በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቀዳዳውን የሚያመጣው ይህ የሙቀት ማነስ ይሆን?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አክሪሊኩ ከዱቄትና ከፈሳሽ ተቦክቶ ነው የሚሠራው፤ ፈሳሹ ሜቲል ሜታክሪሌት (ሞኖመሩ፣ ማለትም እርስ በርሱ ተያይዞ የሚጠነክረው ንጥረ ነገር) በባሕር ጠለል የሚፈላው በ100.8 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ የአየር ግፊት በሚቀንስበት ከፍታ የእርሱም መፍያ እንደ ውኃው ይወርዳል። በዱቄቱ ውስጥ ያለው ቤንዞይል ፐሮክሳይድ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ተሰንጥቆ ነፃ ራዲካሎችን (መያያዙን የሚያስጀምሩ ቅንጣቶችን) ይለቃል፤ ሞኖመሮቹ በሰንሰለት መያያዝ የሚጀምሩት ያን ጊዜ ነው፤ መያያዙ ደግሞ በራሱ ሙቀት ያመነጫል። ስስ በሆነው ክፍል ይህ ሙቀት ወደ ጀሶው ያመልጣል። በወፍራሙ መሃል ግን አክሪሊክም ጀሶም ሙቀትን በደንብ ስለማያስተላልፉ እየተጠራቀመ ከውኃው ሙቀት በላይ ይወጣል፤ ያልተያያዘው ሞኖመር ይተንና አረፋው በሚጠነክረው አካል ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ ፍላስኩን (ጀሶውና አክሪሊኩ ያሉበትን የብረት ሳጥን) በፈላ ውኃ ውስጥ ፈጽሞ አትጨምሩ፤ ከቀዝቃዛ ውኃ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ 74 ዲግሪ አድርሱና ቢያንስ 2 ሰዓት አቆዩት። እኔ የምመርጠው 8 ሰዓት ያህል ማሳደሩን ነው።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ። ቀዳዳው በወፍራሙ ቦታ ሳይወሰን በሁሉም በኩል ተበትኖ ከሆነ ግን የዱቄቱና የፈሳሹ ሊጥ ሳይደርስ ቅርጹ ውስጥ መሞላቱን ወይም የመቆንጠጫው ግፊት ማነሱን ተጠራጠሩ። በመጠን ሦስት እጅ ዱቄት ለአንድ እጅ ፈሳሽ ነው፤ ሞኖመር ብቻውን ሲጠነክር 21 በመቶ ያህል ሲሸማቀቅ፣ በዚህ ልክ የተቦካው ግን ወደ 7 በመቶ ይወርዳል። ለማቅጠን ሲባል ፈሳሽ መጨመር ጥርሱ ከድድ ጋር እንዳይገጥም ያደርጋል።

መልስ 3፦
የ94 ዲግሪው ነገርም ቢሆን ቸል የሚባል አይደለም። የመጨረሻው ማፍላት ተግባሩ የቀረውን ሞኖመር ማስጨረስ ነው፤ አክሪሊኩ ወደሚለሰልስበት 105 ዲግሪ በቀረበ ቁጥር ሰንሰለቶቹ ይላወሳሉ፣ ቀሪው ሞኖመርም መያያዣ ያገኛል። እዚህ ከፍታ ላይ ታዲያ ማፍላቱን ከተለመደው አንድ ሰዓት በላይ አስረዝሙት። የቀረ ሞኖመር ድድ ያስቆጣል፣ ጥርሱንም ያደክማል፤ ለታካሚው ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ሁለት ቀን ውኃ ውስጥ ማሳደር ብዙውን ያወጣዋል። ፍላስኩንም ትኩስ እንዳለ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አትንከሩት፤ ጀሶውና አክሪሊኩ እኩል ስለማይኮማተሩ ጥርሱ ይጣመማል።