ምርጫው አለፈ፤ አሁን ረቂቁን እንጨርስ

ጸሐፊው፦ ሰላም ቤተሰብ። ምርጫው አለፈ፣ የጣታችን ቀለምም ለቀቀ። ለአዲሶቹ ተመራጮች የምናቀርበውን ሃሳብ እዚሁ እንጨርሰው። ረቂቁ 11 ነጥብ አለው፤ ከቧንቧ ውሃ እስከ ባቡር ያልገባ የለም። ሳትፈሩ ቁረጡ።

ከኮምቦልቻ፦ እጅህ ይባረክ፣ ግን 11 ነጥብ ማን ያነብልሃል? ባቡሩ ይውጣ። ከአዋሽ ተነስቶ በኛ በኩል ወደ ሃራ ገበያ የሚዘልቀውን ሐዲድ እያየን ስንት ዓመታችን፣ እኔንም ያንገበግበኛል፣ ግን እሱ የፌዴራል ጉዳይ ነው፤ በኛ ወረቀት አይነቃነቅም። ውሃው ይቅደም።

ከሃይቅ፦ ልክ ነው። ግን ለማን ነው የምንሰጠው? የመረጥነው የፓርላማና የክልል ምክር ቤት ሰው ነው፣ ቧንቧው ደግሞ ያለው ከተማው እጅ ነው። የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት በመላ አገሪቱ የመረጥነው በ2005 ነበር፣ የ2010ሩ ተራዘመ። ስለዚህ ሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፣ ተመራጩም የከተማው ሰውም አንድ ቀን አንድ ቦታ ቁጭ ብለው ይመልሱ። አለበለዚያ አንዱ ወደ አንዱ እየጠቆመ ያመላልሰናል። እኔ ባለፈው በጋ አንድ ቢሮ አራት ጊዜ ሄጄ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ከሚል በቀር የሰማሁት የለም።

ከኩታበር፦ አዳራሽ ከተባለ አበል ይመጣል፣ ባነር ይመጣል፣ ግማሹ ቀን በንግግር ያልቃል። በቅሬ፣ ማለትም በእድራችን ይሁን ባይ ነኝ። ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ሰው የሚሰበሰበው እዚያ ነው፤ ድንኳኑም ወንበሩም አለ። አዲስ ኮሚቴ አቋቁመን ማህተም እስክናስቀርጽማ ሌላ ምርጫ ይደርሳል።

ከወልድያ፦ ጋሼ፣ እኔ ግን ፈራሁ። የቅሬያችን ሰው የመረጠው ፓርቲ ለየቅል ነው፣ ቀብር ላይ ግን ጎን ለጎን ይቆማል። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ እንኳ ያልተነካችውን ይቺን ነገር ፖለቲካ ካስገባንባት አለቀላት።

ከኩታበር፦ እውነትሽን ነው እህቴ። እንግዲያው እንዲህ ይጻፍ፦ ቅሬው ጥያቄ ይሰበስባል፣ መልስ ይሰማል፣ በቃ። የፓርቲ ስም ያነሳ ሰው ይቀመጣል።

ከኮምቦልቻ፦ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ማንሳት ይችላል ይላል። መግቢያው ላይ ይግባ?

ከሸዋ በር፦ ኧረ ተው! ቡናው ሳይፈላ ዱላ? አንቀጽ 43 ይበቃናል፣ በልማት ላይ የመሳተፍና ሃሳባችንን እንድንሰጥ የመጠየቅ መብት አለን ይላል። ሌላው፣ ጥያቄውን ሴት ታቅርብ። ሌሊት ተነስታ ጀሪካን የምትደረድረው እሷ ናት፣ ወንዶቹ ሲናገሩ ግን ውሃው "የመሠረተ ልማት ክፍተት" ይሆናል።

ጸሐፊው፦ ሳቅኩ። እሺ፣ 11ዱ ሦስት ሆነዋል። የውሃ ፈረቃው ቀንና ሰዓት በየሰፈሩ ይለጠፍ። የቀበሌው በጀት ሰው በሚገባው አማርኛ ይነበብልን፣ እሱም ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ሳይገባ፤ ከዚያ በኋላማ "ተመድቧል" ነው መልሱ። ሦስተኛው፣ በየሦስት ወሩ በቅሬ ድንኳን መልስ ይሰጠን። ተቃዋሚ አለ?

ከሃይቅ፦ የለኝም። የመጀመሪያው እኛ ዘንድ ይሁን።

ከሸዋ በር፦ ይሁን። የሃይቆች ድንኳን ግን ቀዳዳ ነው፣ ባለፈው ለቅሶ ላይ በስብሰናል። ከወዲሁ ይሰፋ።